ድንጋይ፣ የገብስ ፍሬና ገመድ፦ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን የጳጉሜን ጸሎት ላይ የተደረገ የጉዳይ ጥናት

## ለመጻፍ ያነሣሣኝ

በጳጉሜን 2016 ዓ.ም. የማገለግልባት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ለአምስቱ የጾምና የጸሎት ቀናት በአዳራሿ ግድግዳ ዳር አምስት የጸሎት ማዕዘኖች አዘጋጀች። እያንዳንዱ ማዕዘን አንድ ጠረጴዛ፣ በእጅ የሚያዝ አንድ ነገርና አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ነበረው። ሰው ይመጣል፣ ነገሩን ይይዛል፣ ይጸልያል፣ ሲበቃው ወደ ሌላው ያልፋል። መጀመሪያ «ጣቢያ» ልንለው አስበን ነበር፤ ሰው ቃሉን ሲሰማ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ጤና ጣቢያ ስለሚታወሰው «ማዕዘን» አልነው።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች አጥቢያዎች እንዴት እንደ ሠራነው ጠይቀውናል። መልሳችንን ሳዳምጥ የተሳካውን እየነገርን የተበላሸውን እየዘለልን መሆናችንን አስተዋልኩ። የተበላሸው ደግሞ አንዲት እህታችንን ጎድቷል። ስለዚህ ሁለቱንም እጽፋለሁ። የማንንም ስም አላነሣም፤ ማንነትን የሚያሳውቅ ዝርዝርም አስቀርቻለሁ።

## ዳራ

አዳራሻችን በአዲስ አበባ ዳር የሚገኝ፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ የኪራይ ቤት ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መቀመጫው የፕላስቲክ ወንበር ነው። ምእመኑ ከሦስት መቶ አይበልጥም፤ የቀን ሠራተኛው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ መምህሩና የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ጉባኤ ነው። ከእናቶቻችን ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም። ከአባላቱ የሚበዙት ደግሞ ከኦርቶዶክስ ቤተሰብ የመጡ ናቸው፤ በኋላ የተነሣው ክርክር ከዚህ ጋር ስለሚያያዝ ከወዲሁ ልናገረው።

በጳጉሜን ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እንሰበሰባለን። መዝሙር አለ፣ ቃለ እግዚአብሔር አለ፣ ከዚያ ጸሎት ይሆናል። የጸሎት መሪው በድምፅ ማጉያ ርዕስ ይሰጣል፤ ጉባኤው በአንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጸልያል፤ መሪው በ«አሜን» ይዘጋና ሌላ ርዕስ ይሰጣል። ያደግኩት በዚህ አጸላለይ ነው። እወደዋለሁ፤ ብዙ ሰው ሲፈታበትም አይቻለሁ። ይህ ጽሑፍ እርሱን ለመንቀፍ የተጻፈ አይደለም።

## ችግሩ

የጳጉሜን 2015 ጸሎት ስድስት ቀን ነበር፤ ዘመኑ ሉቃስ ነውና። በአራተኛው ቀን ጉሮሮዬን ታምሜ ስለነበር ከመድረክ ወርጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። ከመድረክ ላይ ስቆም ጉባኤው ሁሉ የሚጸልይ ይመስለኝ ነበር። ከኋላ የታየኝ ግን ሌላ ነው። የሚሰማው ድምፅ ከፊተኞቹ አራት አምስት ረድፎች የሚመጣ ነበር። ከእነርሱ በኋላ ያሉት ወጣቶች አንገታቸውን ደፍተው ዝም ብለዋል። አንዳንዶቹ በር ላይ ቆመዋል። ከአጠገቤ ደግሞ በስትሮክ ምክንያት መናገር የተሳናቸው አንድ አባት ከባለቤታቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። በየቀኑ ይመጡ ነበር። ለሦስት ሰዓት የሚደረገው ሁሉ አንደበት የሚጠይቅ ነበርና ለእርሳቸው የሚሆን ነገር አልነበረንም። ያን ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ ያሰብኩት እርሳቸውን ብቻ ነው።

በቀጣዮቹ ወራት ከጸሎት ክፍሉ አገልጋዮች ጋር ሆነን ሰዎችን በቡና ሰዓት፣ በየቤቱ ኅብረት ጠየቅን። አንዲት ወጣት «መጸለይ አልችልም ማለቴ አይደለም፤ የአጠገቤ ሰው ጸሎት የእኔን ይወስድብኛል» አለችን። አንዲት እናት ደግሞ «ርዕሱ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፤ ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ እኔ ገና የመጀመሪያው ላይ ነኝ» አሉ። የጸሎት ፍቅር አልጠፋም ነበር። መንገዱ አንድ ብቻ ሆኖ፣ እርሱም ድምፁን ማውጣት ለሚችልና ለሚደፍር ሰው ብቻ የተሠራ ሆኖ ነው ያገኘነው።

## ከሽማግሌዎች ጋር የተደረገው ክርክር

አንድ ወንድም በውጭ አገር ያያቸውን የጸሎት ክፍሎች ፎቶግራፍ አመጣልን። እንዲህ ያሉ ክፍሎች በ1999 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በቺቸስተር ከተማ ወጣቶች ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ መጸለይ ከጀመሩ ወዲህ በብዙ አገር ተስፋፍተዋል። በፎቶዎቹ ላይ ሻማ፣ አሸዋ የተሞላ ትሪ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ በጽሑፍ የተሸፈነ ግድግዳ ይታያል። ወጣቶቹ ወደዱት፤ እኛም ስምንት ማዕዘን ያለው ዕቅድ አውጥተን በነሐሴ ወር ለሽማግሌዎች ጉባኤ አቀረብን።

ክርክሩ ሁለት ምሽት ፈጀ። አንድ አባት ከወንጌላውያን ጋር በመቀላቀላቸው በወጣትነታቸው ከቤተሰብ የተገለሉ ሰው ናቸው። «ሻማ ማብራቱን ትቼ የመጣሁ ነኝ፤ አሁን ልጆቼ መልሰው ሊያበሩልኝ ነው?» አሉ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌላው ሽማግሌ የነሐሱን እባብ ነገር አነሡ። ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የሠራው፣ ሕዝቡም የዳነበት እባብ በኋላ ዘመን ዕጣን የሚታጠንለት ሆነ፤ ንጉሥ ሕዝቅያስም ሰባበረው፤ ስሙም ነሑሽታን ተባለ። «እግዚአብሔር ያዘዘው ነገር እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ እኛ ከገበያ ገዝተን ያመጣነው ምን ሊሆን ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

የመለሱላቸው የእናቶች ኅብረት መሪ ናቸው። «እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። በመቁጠሪያዋ አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ ትላለች፣ በስቅለት እየወደቀች እየተነሣች ትሰግዳለች። በሁሉ ነገር ከእርሷ ጋር አልስማማም። ግን እናቴ በሰውነቷ ሁሉ ትጸልያለች፤ እኛ አፋችንን ብቻ አስቀረን» አሉ። ቀጥለውም ኢያሱ ከዮርዳኖስ ያስነሣቸውን አሥራ ሁለት ድንጋዮች አስታወሱ፤ ልጆች «ይህ ምንድር ነው?» ብለው ሲጠይቁ አባቶች እንዲነግሯቸው የተተከሉትን። ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

በመጨረሻ ሦስት ነገር ተወሰነ። ሻማ፣ ሥዕልና ዘይት አይኖርም። በየጠረጴዛው ላይ ሰው ከዕቃው በፊት የሚያገኘው ቃሉን ይሆናል። መስከረም 5 ቀን እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ ሁሉም ነገር ይፈርሳል፤ ነሑሽታን የሚሆን ነገር አይቀርም። ውኃም ጠበል ይመስላል ተብሎ ወጣ። እኔ በውኃው መቅረት አዝኛለሁ፤ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበትን ቃል በዚያ ላነበው ፈልጌ ነበር። ግን ተቀበልኩት። ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ ሽማግሌዎቹን አልፈን መጋቢውን እናሳምን ብለው ነበር፤ እንኳን አላደረግነው። የሻማው መቅረት በሌላ በኩልም ትክክል ነበር፤ የአዳራሹ ኮርኒስ ላስቲክ ነውና በተጨናነቀ ሕዝብ መካከል እሳት ማስገባት አልነበረብንም።

## አምስቱ ማዕዘኖች

የምስጋናው ማዕዘን የድንጋይ ክምር ነበር። ወጣቶቹ ከወንዝ ዳር ድቡልቡል ድንጋይ ለቅመው በሳሙና አጥበው በቅርጫት አኖሩ። ሰው አንድ ድንጋይ አንሥቶ ባለፈው ዓመት እግዚአብሔር ያደረገለትን አንድ ነገር ያስባል፣ ያመሰግናል፣ ድንጋዩን ከክምሩ ላይ ያኖራል። ጥቅሱ ሳሙኤል ድንጋዩን አቤንኤዘር ብሎ ሲጠራ የተናገረው ነው፦ «እስከ አሁን ድረስ እግዚአብሔር ረድቶናል»።

በንስሐው ማዕዘን አራት ትንንሽ ጥቁር ሰሌዳዎች፣ ጠመኔና እርጥብ ጨርቅ ነበሩ። ኃጢአቱን መጻፍ የሚችል ይጽፋል፤ የማይችል ጭረት ያደርጋል። ከዚያ ራሱ ያጠፋዋል። ጥቅሱ «አቤቱ፥ ንጹሕ ልብን ፍጠርልኝ» የሚለው ነው።

የሸክሙ ማዕዘን ወረቀት፣ እርሳስና አፉ የተከፈተ የሸክላ ማሰሮ ነበር። ሰው የሚያስጨንቀውን ጽፎ አጥፎ ይጥለዋል፤ «እርሱ ስለ እናንተ ያስባልና የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣሉት» ከሚለው ቃል ጋር። ወደዚህ ማሰሮ እመለሳለሁ።

ለአገር የሚጸለይበት ማዕዘን ላይ በሰፊ አቡጀዲ የተሣለ የኢትዮጵያ ካርታ ነበር። ሰው የገብስ ፍሬ አንሥቶ በሚጸልይለት ቦታ ላይ ያኖራል። የመጀመሪያው ንድፍ የክልሎችን ወሰን የያዘ ነበር። አገልጋዮቹ ገና ሲያዩት «ይህ መሥመር እዚህ አይደለም» የሚል ንግግር ተጀመረ። ጸሎቱ ሳይጀመር ጠብ ሊመጣ ነው ብለን ጨርቁን ገልብጠን እንደ ገና ሣልነው፤ ዓባይን፣ አዋሽን፣ ኦሞን፣ ጣናን፣ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችንና የከተሞችን ስም ብቻ አደረግንበት። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ መሥመር አላነሣም።

አምስተኛው የአዲሱ ዓመት ማዕዘን ነው፤ በአፈር በተሞላ ሣጥን ውስጥ ሰው አድሮ የራሰ ገብስ እየዘራ ለሚመጣው ዓመት ይጸልያል።

ጠረጴዛዎቹን ከየቤቱ ስለተዋስን ወጪው ወደ ሁለት ሺህ ብር ብቻ ነበር፤ አብዛኛው ለአቡጀዲውና ለሰሌዳዎቹ ወጣ።

## የሆነው

የመጀመሪያው ቀን ዓርብ ነበር፤ በብዙ ነገር ተሳስተናል። ማዕዘኖቹን የከፈትነው የተለመደው የድምፅ ማጉያ ጸሎት እየቀጠለ ነው። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መሪው ድምፁን ጨመረ፣ ጉባኤውም ጨመረ፣ በጠረጴዛዎቹ ዙሪያ የነበሩት ሰዎች ግራ ተጋብተው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ከቅዳሜ ጀምሮ ሰዓቱን ከፈልነው። የመጀመሪያው ሰዓት ያለ ማጉያ ለማዕዘኖቹ ሆነ፤ የቀረው እንደ ቀድሞው የጋራ ጸሎት ሆነ። ለሠላሳ ዓመት ድምፁን አሰምቶ የጸለየ ሰው ዝም በል አይባልምና የሰንበት ትምህርት ክፍሉን ጮክ ብለው መጸለይ ለሚፈልጉ ከፈትንላቸው። ማንም አልተከፋም። በዚያው ምሽት መብራት ጠፍቶ በእጅ ባትሪ ጨረስን፤ ያም ጉዳት አላደረሰም፤ አንዳንዶች እንዲያውም በጨለማው ይበልጥ ተረጋጉ።

የጽሑፍ ካርዶቹም ረጅም ነበሩ። ሙሉ ገጽ ማብራሪያ ጽፈን ነበርና ሰው እያነበበ ወረፋው ተራዘመ፤ ማንበብ የማይችሉት ደግሞ ከሩቅ ቆመው ያያሉ። አንድ ዓረፍተ ነገርና አንድ ጥቅስ አስቀርተን በትልልቅ ፊደል፣ በአማርኛና በኦሮምኛ እንደ ገና ጻፍነው። በየጠረጴዛውም አንድ አጋዥ አስቀመጥን። አጋዦቹ አዲስ ችግር አመጡ፤ ለመርዳት ብለው በመጣው ሰው ላይ እጅ መጫን፣ መምከር፣ «እግዚአብሔር እንዲህ ይልሃል» ማለት ጀመሩ። ልባቸው ቅን ነበር። ሆኖም ሰው ብቻውን ከእግዚአብሔር ጋር እንዲሆን የከፈልነውን ሰዓት ሞሉት። ስለዚህ አጋዡ ምን እንደሚደረግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናግሮ፣ ካልተጠየቀ በቀር ሌላ ቃል እንዳይጨምር ተስማማን።

ከጠበቅነው በላይ የሠራው ካርታው ነው። ዓርብ ማታ አንዲት እናት ፍሬዋን ከጨርቁ ጠርዝ፣ ካርታው ካለቀበት ላይ አኖረችው። አጋዡ «እዚህ ምንም የለም» ሲላት «ልጄ ቤይሩት ናት» አለችው። በማግስቱ ሌላ ጨርቅ ዘርግተን ቤይሩት፣ ጅዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይ፣ ኩዌት የሚሉ ስሞችን ጻፍንበት። እስከ ሰኞ ድረስ በዚያ ጨርቅ ላይ የተከመረው ገብስ ከአገሩ ካርታ ላይ ካለው በዝቶ ነበር። በዓመቱ ውስጥ ስለ ልጆቻችን ስደት በመድረክ የጸለይነው ስንት ጊዜ እንደ ሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ትዝ አለኝ። ጉባኤው ምን ተሸክሞ እንደሚመጣ ያን ጨርቅ እስካይ ድረስ አላወቅንም ነበር፤ እኛ አገልጋዮቹ ርዕስ ሰጪዎች እንጂ ርዕስ ጠያቂዎች አልነበርንምና።

መናገር የተሳናቸው አባት ቅዳሜ ወደ ድንጋዮቹ መጡ። በደኅናው እጃቸው አንድ ድንጋይ አነሡ፣ ለረጅም ጊዜ ያዙት፣ አኖሩት፤ ከዚያ ሌላ አነሡ። ባለቤታቸው ወንበር አመጣችላቸው። ወረፋው ወደ ሁለተኛው ቅርጫት ዞረ፤ ሰዓቱ እስኪያልቅ ከዚያ አልተነሡም።

## የተበላሸው

ጥፋቱ የሸክሙ ማሰሮ ላይ ደረሰ። ቅዳሜ ማታ የጸሎት ክፍሉ አገልጋዮች ወረቀቶቹን አውጥተው ሊጸልዩባቸው ወሰዱ። ይህ እንደሚሆን ለማንም አልነገርንም ነበር፤ የነገሩ ሥር እዚህ ነው። ሰዉ ለእግዚአብሔር የጻፈውን እኛ ለእኛ የተጻፈ አደረግነው። እሑድ ጠዋት፣ ጳጉሜን 3፣ የጸሎት መሪው ከወረቀቶቹ ሦስቱን ስም ሳይጠራ እንደ ጸሎት ርዕስ በመድረክ አነበበ። ክፋት አላሰበም። ሦስት መቶ ሰው በማይሞላበት ቤት ግን ስም አለመጥራት ምንም አይሸፍንም። ሁለተኛው ወረቀት የማን እንደ ሆነ ብዙዎች ወዲያው ገባቸው። እህታችን ቡራኬው ሳይሰጥ ተነሥታ ወጣች።

በዚያው ቀን መጋቢውና ሁለት እናቶች ቤቷ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። እርሷን ሳይጠቁም፣ ወረቀቶቹን ማንበባችን ጥፋት እንደ ነበረ መጋቢው ማታ ለጉባኤው ተናገረ። የቀሩት ወረቀቶች ሳይገለጡ ከደጅ በከሰል ምድጃ ተቃጠሉ። ማሰሮውም ተነሣ። ይህ ሁሉ ተገቢ ነበር፤ የተነበበውን ግን ያልተነበበ አያደርገውም።

በንስሐው ሰሌዳ ላይ ከዚህ የከበደ ነገር ተጽፎ እንደ ነበር እገምታለሁ። ማንም አልተጎዳም፤ የጻፈው ሰው በገዛ እጁ አጥፍቶት ይሄድ ነበርና።

## ገመዱ

በማሰሮው ፋንታ ምን እናድርግ ስንል እኒያው የእናቶች ኅብረት መሪ «ችግር ቋጠሮ አይደለም? ይቋጠር፤ ጽሕፈት ምን ያደርጋል?» አሉ። ሰኞ ማታ በሁለት ምሰሶ መካከል ረጅም የሲሳል ገመድ ወጠርን፤ ከእርሱ ላይ አጫጭር ሲባጎዎች አንጠለጠልን። ሰው ለራሱ ችግር አንድ ቋጠሮ ይቋጥራል፤ ከዚያ ሌላው የቋጠረውን በእጁ ይዞ፣ የማን እንደ ሆነ ሳያውቅ፣ ይጸልይለታል። ማንበብ አይጠይቅም፤ ምሥጢርም አያወጣም። በሁለቱ የቀሩት ቀናት ከሁሉ በላይ ሰው የቆመበት ማዕዘን ይህ ሆነ።

መስከረም 5 ቀን ስምምነቱ እንደሚለው አፈረስን። ድንጋዮቹን ወጣቶቹ ወደ ወንዙ መለሱ፤ ገብሱ በቅሎ አረንጓዴ ሆኖ ነበርና ልጆቹ በግቢው ጥግ ተከሉት። ገመዱ ላይ ስንደርስ ግን ምእመናን «መልስ ያገኘነው ቋጠሯችንን እንፍታ፤ ይቆይ» አሉ። ነሑሽታንን ያነሡት ሽማግሌ እስከ ጥር መጨረሻ እንዲቆይ ተስማሙ። በእነዚያ ወራት አንዳንዱ ከአምልኮ በኋላ ቀስ ብሎ ሄዶ ቋጠሮውን ሲፈታ ይታይ ነበር። በጥር የመጨረሻ ዓርብ የቀሩትን ቋጠሮዎች እኒሁ ሽማግሌ ወንበር ስበው ተቀምጠው አንድ በአንድ እየጸለዩ ፈቱ። ሲጨርሱ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ገመዱን ለዘበኛው ሰጡት።

## ለሌላ ቤት የሚሆን

ፎቶግራፍ አይታችሁ አትጀምሩ። በእኛ ዘንድ ፍሬ ያፈራው ገብሱ፣ ድንጋዩና ቋጠሮው ነው፤ ከፎቶዎቹ የገለበጥነው ግን አንድም አልቀረም። ከሁሉ አስቀድሞ ሰዎቹን መጠየቅ ይገባል፤ የእኛ የወራት የቡና ጭውውት ከዕቅዱ ሁሉ ይበልጥ ጠቅሞናል። የሚቃወሙ ሽማግሌዎች ካሉም ከፍርሃታቸው ጀርባ የተከፈለ ዋጋ አለና ጊዜ ስጧቸው፤ የማፍረሻ ቀን መቁረጥን ያስተማሩን እነርሱ ናቸው።

ለአምስት ማዕዘን አንድ ሰዓት በቂ ነው፤ ስምንት ቢሆን ኖሮ ሰው እየተሯሯጠ ይጨርስ ነበር። ቅደም ተከተል አታድርጉ፤ ወረፋ ይፈጥራል። የጋራውን ጸሎትም አታስቀሩ። በእኛ ቤት ከማዕዘኖቹ በኋላ የሚደረገው የጋራ ጸሎት ከቀድሞው ይልቅ ከኋላ ረድፎች ድምፅ የሚሰማበት ሆኗል፤ ለምን እንደ ሆነ ስጠይቅ አንድ ወጣት «አሁን ምን እንደምል አውቄ ነው የምቀመጠው» አለኝ።

ወረቀት የምትጠቀሙ ከሆነ ማን እንደሚያነበው በጠረጴዛው ላይ በግልጽ ጻፉ። ማንም የማያነበው ከሆነም በሰዉ ፊት የሚወድምበትን ሰዓት ተናገሩ። በትንሽ ጉባኤ ውስጥ ግን ወረቀቱን ጨርሶ ብትተዉት እመክራለሁ።

እህታችን በኅዳር ወር ወደ እሑድ አምልኮ ተመልሳለች። ወደ ጸሎት ምሽቶች ግን እስካሁን አልመጣችም። ሁለቱ እናቶች በየአሥራ አምስት ቀኑ ቤቷ እየሄዱ ቡና ይጠጣሉ፤ እርሷ ካላነሣችው በቀር ስለ ጸሎት ምሽቱ አያነሡባትም።